ትዳርዎን የሚመክርዎ ሰው ምን ያምናል?

በቤትዎ ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ማን ነው? የሚኖሩት እንጅባራ ወይም ዳንግላ ከሆነ መልሱን መገመት አይከብድም። ወደ ንስሐ አባትዎ ይሄዳሉ። ወይም ሲጋቡ መሀል የቆሙትን ሽማግሌዎች ያስጠራሉ። ወይም ክርስትና እናትዎ ዘንድ ሄደው የሆድዎን ያጫውታሉ። የወንጌል አማኝ ከሆኑ መጋቢዎን፣ ሙስሊም ከሆኑ ኢማሙን ያማክራሉ። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት የሚታሰቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም እስከ መጨረሻው አይታሰቡም።

እነዚህ መካሪዎች ሊያዳምጡዎ ሲቀመጡ ስለ ትዳር አስቀድመው የያዙት እምነት አላቸው። ከባል ምን እንደሚጠበቅ፣ ሚስት እስከ ምን ድረስ መቻል እንዳለባት፣ መለያየት ኃጢአት ይሁን መገላገያ፣ በልባቸው የያዙት ነገር አለ። ያ እምነት በሚጠይቁዎ ጥያቄ፣ ሰምተው በሚያልፉትና ቆም ብለው በሚይዙት ቃል፣ በመጨረሻም በሚሰጡዎ ምክር ውስጥ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። መካሪ እምነት ያለው መሆኑ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው እምነቱን ሳይናገር በእርስዎ ምትክ ሲወስን ነው። ስለዚህ ምክር ከመቀበልዎ በፊት መካሪዎ ምን እንደሚያምኑ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጤናዎን መጠበቅ ነው።

የጓዳ ጉዳይ፣ የጤና ጉዳይ

ትዳር የጓዳ ምስጢር ነው፤ የጤና ዓምድ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለወራት የዘለቀ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሲብስም ወደ ድባቴና ወደ ጭንቀት ሕመም ይመራል። ልጆች ትምህርታቸው ላይ ልባቸውን መጣል ያቅታቸዋል፤ ከተዉት በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የሚጀምሩም አሉ። ራስ ምታትና ጨጓራ እያሉ በየጤና ጣቢያው ከሚመላለሱት መካከል የሕመማቸው መነሻ ቤታቸው የሆነ ሰዎች እንዳሉ የሚያክሟቸው ባለሙያዎች ያውቃሉ።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑና ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ዕርዳታ የጠየቁት ከአራቱ አንዷ ገደማ ብቻ ናቸው። የጠየቁትም በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ ሴቶች የመጀመሪያው «ሐኪም» ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ አይደለም። በቅርባቸው ያለ፣ የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰው ነው። ያ ሰው የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ሸክማቸውን ሊያቀልላቸው ይችላል፤ አፋቸውን ለዓመታት ሊያዘጋቸውም ይችላል።

አንድ ታሪክ፣ ሦስት ጆሮ

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ባልና ሚስቱ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የሚኖሩ አርሶ አደሮች ናቸው እንበል። እንደ ብዙ ጎረቤቶቻቸው ማሳቸው ላይ ዲከረንስ ተክለዋል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመቱ ይደርሳል፣ ከሰል ይሆናል፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እጅ ይገባል። ቀድሞ ጎተራ በገባው እህል ላይ የምታዝዘው ሚስት ነበረች፤ የከሰሉ ብር ግን የሚያድረው ባል ኪስ ውስጥ ነው። ባል ገበያ ውሎ ማምሸት ጀመረ። ሚስት ትጠይቃለች፣ ባል ይቆጣል፤ ሁለት ጊዜም መቷታል። እሷ እንቅልፍ አጥታለች፣ ራሷን ያማታል፣ ከጎረቤት ቡና መጠጣት ትታለች።

የንስሐ አባታቸው ቤቱን ያውቁታል። በታሪኩ ውስጥ የሚሰሙት የላላውን ቃል ኪዳን ነው። ባልን ስለ መጠጡ ይገሥጹታል፣ ሚስትን «ታገሺ» ይሏታል፣ ለሁለቱም ንስሐ ይሰጣሉ። በእሳቸው ዓይን ምክሩ ሠመረ የሚባለው ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት የሁለት ወገን ክብርን ነው። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ የፈረሰኞች ማኅበር ባለው የአገው ሕዝብ ዘንድ በደስታም በሐዘንም አብሮ መቆም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዘመድ ከዘመድ እንዳይቀያየም ይደክማሉ። ባልን ይቅርታ ያስጠይቃሉ፣ ያስታርቃሉ። ለእነሱ ምክሩ ሠመረ የሚባለው ነገሩ ከደጅ ሳይወጣ ሲበርድ ነው።

ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት የምክር ባለሙያ ነው። የሚሰማው የተነፈገ መብትን ነው። «አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላታል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሆኖም ይህች ሴት «እኔ» ስትል ልጆቿን፣ እናቷንና የቆረበችበትን ደብር ጭምር ማለቷ እንደሆነ ካልተረዳ፣ መለያየትን እንደ ቀላል ነገር ሊያቀርብላት ይችላል።

ታሪኩ አንድ ነው፤ የሰሙት ጆሮዎች ግን ሦስት ናቸው። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሰሙትም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «ሲመታሽ በምን ነበር? አሁንስ ትፈሪዋለሽ? እንቅልፍ ካጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» ብሎ የጠየቃት ከሌለ፣ ከሦስቱም ደጅ የምትመለሰው ሕመሟን እንደያዘች ነው። የሚጠየቅበት ቋንቋም ለውጥ ያመጣል። የቤቷን ነገር በአገውኛ የምታስብ ሴት በአማርኛ ብቻ ስትጠየቅ፣ የምትናገረው የደረሰባትን ሁሉ ሳይሆን ቃል ያገኘችለትን ብቻ ነው።

እምነት የሌለው መካሪ የለም

«እንግዲያው ምንም ዓይነት እምነት የማያንጸባርቅ መካሪ ይፈለግ» ሊባል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ግን አይገኝም። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አለን በርጊን በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ከእሴት ነፃ ሊሆን እንደማይችል፣ ሃይማኖታዊ እሴቶችም ቦታ እንደሚገባቸው ተከራከረ። በዚያው ዓመት ሃይማኖት የለሹ አልበርት ኤሊስ የራሱን እሴቶች አቅርቦ መልስ ሰጠው። ሁለቱ በብዙ ነገር አልተስማሙም። ነገር ግን ክርክራቸው ራሱ አንድ ነገር አሳየ። ሃይማኖተኛውም ሆነ ሃይማኖት የለሹ ወደ ሕክምናው ክፍል የሚገቡት ጥሩ ሕይወት ማለት ምን እንደሆነ የየራሳቸውን አስተያየት ይዘው ነው።

«ትዳር አይፈርስም» እምነት እንደሆነ ሁሉ «ደስታ ካልሰጠሽ ተይው»ም እምነት ነው። የመጀመሪያውን ከካህን፣ ሁለተኛውን ከዘመናዊ ባለሙያ ስንሰማ የፊተኛውን ሃይማኖት፣ የኋለኛውን ሳይንስ ብለን መውሰድ ስህተት ነው።

እምነት ሲጠግን

የሃይማኖት ሰው በመካሪነቱ ያለውን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። በአገራችን የሠለጠኑ የቤተሰብ አማካሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በብዛት በትልልቅ ከተሞች ነው። የንስሐ አባት ግን በየቀበሌው አሉ። ክፍያ አይጠይቁም፣ ቀጠሮ አያስይዙም፣ ቤቱንም ገብተው ያውቁታል። ባል የሐኪሙን ቃል ችላ ቢል የእሳቸውን ቃል ላያልፍ ይችላል። መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው የሃይማኖት አባቱ ክትትል ትልቅ ድጋፍ ነው። ይቅርታን ማስተማርም በእውነት በተጸጸተ ሰው ቤት ውስጥ መድኃኒት ነው።

የሃይማኖት መሪ አቋም በጤና ላይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ አገራችን አይታለች። ብዙ ሕሙማን ጸበል ስለጀመሩ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት መውሰድ የለብንም ብለው በሚያምኑበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ለአማኙ ከሁለት አንዱን የመምረጥ ጭንቀት ቀለለለት። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ እምነት ለሕክምና ቦታውን አልለቀቀም፤ በሩን ከፈተለት እንጂ። በትዳር ምክርም የሚፈለገው ይኸው ነው።

እምነት ሲያቆስል

ሌላም ገጽታ አለው። ከላይ የጠቀስነው የ2008 ዓ.ም. ጥናት፣ ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው የተስማሙ ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። መካሪውም የወጣው ከዚሁ ማኅበረሰብ ነው። ካህን ይሁን ነርስ፣ ሽማግሌ ይሁን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳያስበው ከአፉ ሊወጣ ይችላል። ጥያቄው ፍርድ እንደሆነ ላይታወቀው ይችላል፤ የምትጠየቀዋ ግን ወዲያው ይገባታል።

ብዙ ጊዜም ሃይማኖት ነው የምንለው ልማድ ሆኖ ይገኛል። ሮሚና ኢስትራቲ የተባለች ተመራማሪ በአክሱም አካባቢ ስለ ትዳርና ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ያካሄደችውን ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትማለች። ካህናት በትዳር ጉዳይ ያላቸውን ትልቅ ቦታ፣ እንዲሁም ሰው ሃይማኖት ብሎ የያዘው ልማድና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ታስረዳለች። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ በአንደኛ ቆሮንቶስ ትርጓሜው ባል ሚስቱን መምታቱን ታላቅ ነውር አድርጎ ኮንኖታል። ስለዚህ ለምትደበደብ ሴት «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» የሚል መካሪ የሃይማኖቱን ሳይሆን የአካባቢውን ልማድ እየመከረ ሊሆን ይችላል።

ከድብደባ ሌላም አለ። ድባቴ የያዘውን ሰው «እምነትህ ስለደከመ ነው» ማለት ሕመሙ ላይ ጥፋተኝነትን መጨመር ነው። ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት ሚስትን ብቻ ጸበል መላክ፣ የመካንነት ምክንያት ከወንዱም ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት ነው። የወሊድ መከላከያ ለምትጠይቅ እናት የመካሪዋን አቋም እንደ ሐኪም ትእዛዝ ማቅረብም ጉዳት አለው። በእነዚህ ሁሉ መካሪው የራሱን እምነት መያዝ ይችላል፤ የሕክምናን እውነት መደበቅ ግን አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጋችንም ይህንኑ ሚዛን ለመጠበቅ ሲሞክር ቆይቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የፍቺ ጥያቄ ይቀርብ የነበረው በጋብቻው ጊዜ ምስክር ለነበሩት ሰዎች ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ሊመራቸው ይችላል፤ ካልተሳካም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ መንገድ ይተዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ነው። ይህን «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ይያዙ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የሚያስቀጣ ነው፤ በእርቅ ስም የሚሸፈን የቤት ጉዳይ አይደለም።

ምን ያድርጉ?

ምክር ሲፈልጉ አስቀድመው በትሕትና ይጠይቁ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም እርስዎ ብዙ ጊዜ ምን ይመክራሉ?»፣ «የሚነግሩኝ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው ወይስ የራስዎ አስተያየት?»፣ «የምነግርዎት ለባለቤቴ ይደርሳል?»፣ «ሐኪም ማየት ቢያስፈልገኝ ይቃወማሉ?» ብለው ይጠይቁ። ለሥነ ልቦና ባለሙያም ተመሳሳይ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ለእምነትዎ ምን ያህል ክብር እንዳለው ይወቁ። በጎ መካሪ በጥያቄዎ አይቀየምም።

የመካሪውን ጆሮም ይመዝኑ። ሁለታችሁንም እኩል ያዳምጣል? ባልን አስቀምጦ ሚስትን ብቻ ይመክራል? ወይስ በተቃራኒው? ትውልደ ሃንጋሪው የቤተሰብ ሕክምና ሊቅ ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ መካሪ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየተራ መቆም አለበት፣ እዚያ ለሌሉት ለልጆቹም ጭምር ብሎ ያስተምር ነበር። ጥሩ ሽማግሌ ይህን ያውቀዋል፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

በቤትዎ ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም በግድ የሚፈጸም ግንኙነት ካለ ግን ባለበት ፊት እንዲናገሩ አይስማሙ። የሚፈራ ሰው በሚፈራው ሰው ፊት እውነቱን አይናገርም፤ ቢናገርም ማታ ቤት ሲገባ ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያም ጥቃት የደረሰባት ሴት ብቻዋን፣ ምስጢሯ ተጠብቆና ሳይፈረድባት እንድትደመጥ ይመክራል። በዚህ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርቅ ሳይሆን ለሕይወት ነው። ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ለፖሊስ ወይም ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። እርቅ ካለ ሰው በሕይወት ሲኖር ይደረሳል።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ በማንኛውም ነገር ደስታ ማጣት ከታየብዎ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ከጸሎትዎና ከምክርዎ ጎን ለጎን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይዩ። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው። መታከም እምነት ማጣት አይደለም።

በመካሪነት ላላችሁ ደግሞ

ካህናት አባቶች፣ መጋቢዎች፣ ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች ሆይ፣ እምነታችሁን ከደጅ ጥላችሁ ግቡ የሚላችሁ የለም። አስቀድማችሁ ግን ተናገሩት። «እኔ ትዳር እንዲጸና የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ» ማለት የመካሪን ክብር አይቀንስም። ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሩ። የሰማችሁትን ምስጢር ጠብቁ። ስለ ድብደባ በቀጥታ ጠይቁ። ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ወደ ሐኪም ምሩ፤ ሐኪሙም በበኩሉ የታማሚውን የንስሐ አባት እንደ ተቀናቃኝ ሳይሆን እንደ አጋር ይይ። በአንድ ወረዳ ያሉ ካህናትና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በዓመት ጥቂት ጊዜ ተገናኝተው ቢነጋገሩ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መካሪዎ መንገዱን ያሳይዎታል እንጂ በእርስዎ ፋንታ አይሄድም። ምክሩ ተሰጥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ከውሳኔው ጋር የሚኖሩት እርስዎና ልጆችዎ ናችሁ። ስለዚህ ያክብሩ፣ ያዳምጡ፣ ይጠይቁም።